ድንኳን የማይተከልበት ግቢ

ሰኔ 20 ቀን 2017

ቤቱ ተሸጠ። አከራያችን ልደቱ ጠዋት በር ላይ ቆሞ፣ ጫማውን እያየ ነገረኝ። «ሰርክ፣ ገዢው አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው። እስከ ጳጉሜ ብትለቁልን» አለ። ብትለቁልን ይላል ደግሞ፣ ውለታ እንደሚጠይቅ ሰው። ያን ሁሉ ክረምት ጣሪያው እላያችን ላይ ሲያፈስ አንድ ቆርቆሮ ያልቀየረ ሰው፣ ዛሬ በጨዋነት የሚያባርር ሆነ።

«እሺ» አልኩት። እኔ ሁልጊዜ እሺ ካልኩ በኋላ ነው የምናደደው።

ስገባ አባዬ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎታል። ምን አለሽ ብሎ አልጠየቀኝም።

ሰኔ 26

ደላላ ይዣለሁ። ቤኪ ይባላል። መገናኛ፣ ዩኒፎርም ከምንሰፋበት ሕንፃ ሥር፣ ሁለት ስልክ በአንድ እጁ ይዞ የሚቆመው ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ናችሁ?» ብሎ ነው።

«ሁለት። እኔና አባቴ።»

«ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

«ቤት ልከራይ ነው ወይስ እሱን ልድረው ነው?»

ሳቀ። «እህቴ፣ እኔ አይደለሁም የምጠይቀው፣ አከራዮቹ ናቸው። እነሱ የሚወዱት ጠዋት ወጥቶ ማታ ገብቶ የሚተኛ ላጤ ነው። ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላል፣ ይታመማል፣ ጠያቂ ይበዛበታል።»

«አባቴ አልታመመም» አልኩት። ልቡ ትንሽ ደክሞ ነው። ሐኪሙ ደረጃ አይውጣ፣ ጨው ቀንሱለት ነው ያለው። ሌላም ብሏል፤ እሱን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

እዚሁ ፈረንሳይ ሰፈር ውስጥ ነው የምፈልገው። ጤና ጣቢያው እዚህ ነው፣ እድሩ እዚህ ነው፣ ከጡረተኞቹ ጋር ፀሐይ የሚሞቅበት ግንብም እዚህ ነው። ባይሆንም ግን፣ የትም ይሁን።

ሐምሌ 3

አያት ሰፈር ሄድን። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። አባዬ ካላየሁ ብሎ ተከትሎን መጣ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጠና «እዚህ ነፋሱ ደስ ይላል፣ እናንተ እዩት» አለ። በሐምሌ ብርድ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። እኔም ቤቱን ሳላየው «አልወደድኩትም» ብዬ ወረድኩ።

ባቡር ውስጥ አንዲት ልጅ ተነስታ አስቀመጠችው። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ «ብቻሽን ብትሆኚ ትይዢው ነበር» አለኝ።

«እኔም ደረጃ አልወድም» አልኩት።

ሐምሌ 11

ከኛ ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል። ባለቤቱ ደስ ብሎት ሲያሳየን አባዬ ሳለ። አንዴ ነው የሳለው።

«ያማቸዋል እንዴ?»

«ብርድ ነው።»

«አይ፣ ክረምትም አይደል» አለና የከፈተልንን በር ቀስ አድርጎ ዘጋው። «ደውዬ አሳውቅሻለሁ።»

መች ይደውላል!

ያናደደኝ እሱ አይደለም። ስንወጣ አባዬን «ትንሽ ብትይዘው ምን ነበረበት?» አልኩት። ሳል ይያዛል? እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። እሱ ደግሞ «እውነትሽን ነው» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 18

ሥራ። ሥራ። የትምህርት ቤቶች ትዕዛዝ ተደራርቧል፤ አለቃችን ሽንት ቤት ስንሄድ ሳይቀር ሰዓት ያያል።

በምሳ ሰዓት ሮጬ አንድ ቤት ሄድኩ። ስደርስ ሌላ ሰው ቁልፍ እየተቀበለ ነው። አንዷ ባለትዳር ነው የምንፈልገው አለች። አንዱ በሩን ሳይከፍት ሃይማኖቴን ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ተስማማው። ከዚያ ስንት ናችሁ አለ። እዚያ ላይ ነው ሁሉም የሚያበቃው።

ሐምሌ 24

ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቤኪ ነው። «እህቴ፣ ልንገርሽ አይደል፣ ሦስት አከራይ አንቺን ወዶ በሽማግሌው ነው የመለሰሽ። ዘመድ የለሽም? አንድ ቦታ አስጠጊያቸውና ብቻሽን ግቢ።»

ዘልዬ ዘጋሁት። አባዬ ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኗል። ተኝቶ ነበር መሰለኝ። አዎ፣ ተኝቶ ነው።

ማታ እራት ላይ፣ ከምንም ተነስቶ፣ «ፍልሰታ ሲገባ እንጦጦ ወጥቼ ጸበል ብጠመቅስ?» አለኝ።

«በዚህ ብርድ? ልትሞት ነው?»

አፌን በቆረጠው።

ነሐሴ 3

ቤት አገኘሁ።

ቤት አገኘሁ፤ ግን እንዴት እንዳገኘሁት ለማንም አልነግርም። እዚህ ብቻ ልጻፈው።

ዛሬ የዳርቱ አማት ቀብር ነበር። ዳርቱ አጠገቤ ያለው ማሽን ላይ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። አማቷን ሁለቴ ነው ያየኋት፤ ግን ከሁሉም በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሰበብ ፈልጌ ነበር። ከዚያ ልብስ ሳልቀይር፣ በጥቁር ቀሚስና በጥቁር ነጠላ፣ ዓይኔ አብጦ፣ ቤኪ ወደጠራኝ ግቢ ሄድኩ።

ከዋናው መንገድ ወደ ላይ፣ ሁለት ክፍል፣ ምድር ላይ። የራሱ ቧንቧ አለው። በረንዳው ፀሐይ መውጫ ላይ ነው። አባዬን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አየሁት፤ እውነቴን ነው፣ በዓይኔ አየሁት።

የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ሮማነወርቅ ናቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው። ደግ ፊት አላቸው። ክፍሎቹን አሳይተው ከጨረሱ በኋላ «አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ» አሉ። «አሁን ያሉት ተከራዮች እናታቸው ታማባቸው አመጡብኝ። እኔው ነኝ ያስታመምኳት። ስትሞት ድንኳኑ እዚህ፣ መስኮቴ ፊት ተተከለ። የባሌም ድንኳን የተተከለው እዚሁ ነበር። ልጄ፣ ያን ሸራ ሦስተኛ ጊዜ ማየት አልችልም። በሽተኛና ሽማግሌ አላስገባም። ክፉ ሆኜ አይደለም።»

ክፉ አለመሆናቸው ነው የገደለኝ። ክፉ ቢሆኑ ተሳድቤ እወጣ ነበር።

ከዚያ ልብሴን አዩት። «አንቺስ? ማን ሞቶብሽ ነው?»

«አባቴ» አልኩ።

አላሰብኩትም። እምላለሁ፣ አላሰብኩትም። ቃሉ ወጣ። ቤኪ ከኋላዬ ስልኩን ሲነካካ ነበር፣ ቀጥ አለ።

«እኔን! መቼ?»

«ያለፈው ሳምንት።»

አቀፉኝ። ነጠላቸው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ያ ለቅሶ ውሸት አልነበረም። «ብቸኛ ነሻ እንግዲህ» አሉ። «የነሐሴ መጨረሻ ይለቃሉ። ያንቺ ነው። ለሌላ ሰው አላሳይም።»

ነሐሴ 4

ቤኪ እንኳን ደነገጠ። «እኔ ይሄን ሥራ ከጀመርኩ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ያላገባ አግብቷል ብያለሁ፣ ሦስት ልጅ ያለው አንድ ነው ያለው ብያለሁ። ሰው ግን ገድዬ አላውቅም» አለኝ። ኮሚሽኑን ግን ተቀበለ።

ዳርቱ ደግሞ አማቷን ቀብራ በማግስቱ እኔን ታጽናናለች። «መጀመሪያ ግቢ። ከገባሽ በኋላ አጎቴ ነው ብለሽ ታስገቢዋለሽ፤ ማን ያውቃል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ለጥቂት ጊዜ ነው። እንዲህም ሆኖ ሟርት ነው። በአባቴ ላይ፣ በሕይወት ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ፣ አሟረትኩበት።

ነሐሴ 7

ለአባዬ ቤት መገኘቱን ነገርኩት። «ሴትዮዋ መጀመሪያ ብቻዬን እንድገባ ነው የምትፈልገው፤ ትንሽ ቆይተህ ትመጣለህ» አልኩት። ሌላውን አልነገርኩትም።

«ፀሐይ አለው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

«በረንዳው ላይ።»

«ጎሽ» አለ።

ነሐሴ 11

የዛሬውን ሳልተኛ ልጻፈው።

እሑድ ስለሆነ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ቤኪ ደወለ። «እህቴ፣ ሴትዮዋ አድራሻሽን ጠይቀውኝ ሰጥቻቸው ነበር፣ ለውል መስሎኝ። ለቅሶ ሊደርሱሽ እየመጡ ነው። ሽማግሌውን አንድ ነገር አድርጊያቸው።»

ምን ላድርገው? ቤታችን አንድ ክፍል ነው።

እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ሰው ሞተ ካልሽ ሰው ለቅሶ ይደርሳል። ይሄን የማያውቅ የለም፤ እኔ ራሴ የማላውቀው ሰው ቤት ሳይቀር ስደርስ ነው የኖርኩት። ለጎረቤት ልስጠው ብዬ ክንዱን ያዝኩት፤ «ምንድነው?» አለኝ። በሩ ተንኳኳ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ቆመዋል፤ ሦስቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ፍልሰታ ስለሆነ የጾም ወጥ በሳህን ሸፍነው፣ ሻይ በፔርሙስ ይዘዋል። «ለቅሶሽን ሳልደርስ ቤቴ ብትገቢ ነውር ነው ብዬ ነው» አሉ። «እግዜር ያጥናሽ። የአባትሽን ነፍስ ይማር።»

ይሄን ሁሉ በር ላይ ቆመው ነው ያሉት። አባዬ ከኋላዬ ነበር።

ዞር ብዬ ላየው አልቻልኩም። ከዚያ የወንበሩን መንቋቋት ሰማሁ፤ መነሳቱ ነው። ከዘራውን አልያዘም።

«ግቡ፣ ግቡ እንጂ፣ ዝናብ ላይ አትቁሙ» አለ። «ታናሽ ወንድሙ ነኝ። ከደብረ ብርሃን መርዶ ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

ገቡ። አልጋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እንደ ወጉ ዝም አሉ። እሱም መሬት መሬቱን ያያል፤ ወንድሙ እንደሞተበት ሰው። እኔ ወጥ አውጥቼ ላቀርብ ሳህን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ አነሳለሁ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አዩት፤ በሹፌርነት ልብሱ የተነሳውን። «እሳቸው ናቸው? ቁርጥ እርስዎን።»

«ሰው ሁሉ ይሳሳት ነበር» አለ አባዬ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ቀና ብሎ ፎቶውን አየው። «የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሰው ሳይገጭ ጡረታ ወጣ። ሚስቱ ቶሎ ሞታበት ይቺን ልጅ ብቻውን አሳደጋት። በመጨረሻ ግን ከበዳት። ሲታመም፣ ሲያስል፣ ቤት አጥታ በሱ የተነሳ ስትንከራተት... ማረፉ ለሷም ዕረፍት ነው።»

«ኧረ እንዲህ አይበሉ!» ወይዘሮ ሮማነወርቅ ተቆጡ። «አባት ለልጁ ይከብዳል? አንድ ቀን ቢያድርላት ደስታዋ ነበር። አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

ሁሉም እኔን አዩኝ። እሱም አየኝ።

«አዎ» እንደማለት ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

ሲነሱ «እርስዎስ መቼ ነው የሚመለሱት?» ብለው ጠየቁት። ክፉ አስበው አይደለም፤ ግን ጠየቁ።

«ማክሰኞ» አለ። «ከብት ጥዬ ነው የመጣሁት።» እስከ ውጭው በር ድረስ በእግሩ ሸኛቸው፣ ቀጥ ብሎ። ሲመለስ ግድግዳውን እየተደገፈ ነው። ከናፍሩ ሰማያዊ ሆኗል።

እግሩ ላይ ወደቅኩ። «አባዬ፣ ልነግርህ ነበር...»

«ቤኪ ያን ቀን በስልክ ሲያወራ ሰምቼው የለ» አለ። «ተነሺ። ደግ ሴት ናት። ቤቱን እንዳትለቂው።»

ነሐሴ 13

እንጦጦ አደረስኩት። ፍልሰታን ጨርሶ ይመጣል።

ታክሲው ሽቅብ ሲያቃስት እሱ ማርሹን ያዳምጣል፤ «ይሄ ልጅ ሞተሩን ይገድለዋል» ይላል። ፓርኩ በር ላይ ወጣቶች ፎቶ ይነሳሉ። ከዚያ ወዲያ ጭጋግ ነው። ጸበሉ አጠገብ ለጸበልተኛ የሚከራይ የጭቃ ቤት አለ፣ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር። ያከራየችው ሴትዮ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው። «ታመዋል?» አለችው። «አዎ» አለ። «ግቡ» አለችው። በቃ። ሰኔና ሐምሌን ሙሉ ስዞር ይህን የሚል ሰው አላገኘሁም።

ሁለት ብርድ ልብስና ጋቢውን ሰጠሁት። እሱ ከቦርሳው ፎቶውን አውጥቶ ሰጠኝ። መቼ ከግድግዳው እንዳወረደው አላየሁም። «አዲሱ ቤት ስቀይው። አባቷ ሞቶባት ፎቶ የማትሰቅል ልጅ የለችም፤ ይጠረጥሩሻል» አለኝ። እንዲህ ሲል ይስቃል።

የጡረታ ደብተሩንና መታወቂያውንም ቤት ጥሎት ሄዷል። ረስቶት ነው።

ነሐሴ 17

ፍልሰታ አለቀ። ደወልኩለት። «እስከ ወሩ መጨረሻ ብቆይ ይሻለኛል፣ እየረዳኝ ነው» አለኝ። ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ኔትወርኩ ነው።

ነሐሴ 22

ውል ተፈራረምን። አልሄድኩም እሱ ጋ። አለቃዬ እሑድም ግቡ አለ። በሚቀጥለው እሑድ።

ነሐሴ 28

ገባሁ። ትናንት ዕቃው በአንድ አይሱዙ አለቀ። ወንበሩን በረንዳው ላይ አደረግኩት። ዛሬ ጠዋት ፀሐይዋ በዳመና መሀል ብቅ ብላ ቀጥታ እሱ ላይ አረፈች። ተቀምጬበት ሥራ አረፈድኩ።

ፎቶውን ሰቀልኩ። እትዬ ሮማነወርቅ ገብተው ሲያዩት አማተቡ።

እሑድ እንጦጦ አልወጣሁም። መንገዱ ጭቃ ነው አሉ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጳጉሜ 1

ስልኬ ላይ «አባዬ» የሚለውን ስም «አጎቴ» ብዬ ቀየርኩት። ለጥንቃቄ ነው። እትዬ ሮማነወርቅ እየገቡ ይወጣሉ፤ ምሳ ያመጣሉ፤ ልብሴን ሳይቀር ዝናብ ሳይመታው ያስገቡልኛል። ቢጠሉኝ ምን አለ።

ዛሬ ልነግራቸው ነበር። እንጀራ ይዘው መጡ፣ «እትዬ» አልኩ፣ «ወይ» አሉኝ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ለዘመን መለወጫ አመጣዋለሁ። አጎቴ በዓል ሊያደርግ መጣ እላለሁ፤ ከዚያ ሲቆይ ሲቆይ ይለመዳል። ስነግረው «እስቲ ያድርሰን» አለኝ።

ጳጉሜ 4

እትዬ ሮማነወርቅ በጠዋት መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «አርባቸው መስከረም መግቢያ ላይ ነው የሚውለው፣ ቆጥሬዋለሁ» አሉኝ። «በዓል ነው ተብሎ እንዳይታለፍ ቄሱን አስቀድሜ አነጋገርኩ። ዳቦውን እኔ እጋግራለሁ፣ አንቺ ምንም አትልፊ። የክርስትና ስማቸውን ብቻ ንገሪኝ፤ ለጸሎቱ።»

በሕይወት ያለ ሰው ስም ከሙታን ጋር ሊጠራ!

«አላውቀውም» አልኩ። አውቀዋለሁ።

«የአባትሽን የክርስትና ስም?» ገርሟቸው አዩኝ። «ምን ታደርጊ፣ የዛሬ ልጅ።»

ስልኬ አልጋው ላይ ጮኸ። አጎቴ ይላል። እኔ ሳልደርስበት እሳቸው አዩት፣ ፊታቸው በራ። «እንኳን ደወሉ! ስጪኝ፣ እሳቸው ያውቁታል» ብለው አነሱት።

«እንደምን ሰነበቱ? ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? ... እዚህም ያው ነው። ልጅቷ ደህና ናት፣ አይዞዎት፣ እኔ አለሁላት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ለወንድምዎ አርባ የክርስትና ስም ቸግሮን ነበር።»

አባዬ ሲያስል እሰማዋለሁ። ሳሉ አላልቅ ሲል እትዬ ሮማነወርቅ ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አራቁት። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ስልኩን ነጥቄ «አባዬ፣ አትንገራቸው፣ ልመጣ ነው» ማለት እችል ነበር። ቤቱን አየሁት። ጣሪያውን አየሁት፤ አያፈስም።

«ገብረ ክርስቶስ» አለ፤ የራሱን ስም፣ ቀስ ብሎ፣ በደንብ እንዲሰማ።

«ገብረ ክርስቶስ» ብለው ደገሙት፣ እንዳይረሱት። «ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።»

«አሜን» አለ አባዬ።